ዝናብ በማይጎድልበት አገር የችጋር መከላከያ፦ የምዕራብ ጎጃም የቤተሰብ እርሻ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ

የድርቅ አደጋ በተነሣ ቁጥር የሚጠሩት የአገር ስሞች የታወቁ ናቸው። ወሎ፣ ትግራይ፣ ሰሜን ሸዋ፣ ዋግና ላስታ፣ ሐረርጌ፣ ቦረና እየተባለ ሲቆጠር ጎጃም ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ስሙ የሚነሣው እህል ከሚገዛባቸው አገሮች ተርታ ነው። በ1977 ዓ.ም. ታላቅ ድርቅ ጊዜም ሆነ በ2008 ዓ.ም. ከኤልኒኞ ጋር ተያይዞ በደረሰውና 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ በሆነበት ድርቅ፣ የምዕራብ ጎጃም ገጠር በአመዛኙ ከራሱ አልፎ ለገበያ የሚተርፍ እህል ያመርት ነበር። ከዚህም የተነሣ የእርዳታ ሠራተኛው ዓይን በዚህ አገር ላይ ሳያርፍ ያልፋል። ጎተራው ሙሉ ነው ተብሎ ስለሚታመን ጎተራው በምን ዓይነት አሠራር እንደሚሞላ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የዚህ አገር ገበሬ እስከ ዛሬ ሊቆይ የቻለው ዝናብ ስለማይጎድለው ብቻ ሳይሆን፣ የሚዘራውን ሰብል እንደ ዘመኑና እንደ መሬቱ አቅም ሲለዋውጥ በመኖሩ ነው። ይህ የሰብል አደላደል በአሁኑ ጊዜ በብዙ በኩል እየተፈተነ ይገኛል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ የምዕራብ ጎጃምን ለም ምድር አቋርጦ ያልፋል። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችውና ከጠላት ወረራ ማብቂያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ፍኖተ ሰላም ያሏት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከእርሷ ወደ ምዕራብ ያለችው ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ከቡሬ አንድ መንገድ ወደ ደቡብ ታጥፎ አባይን በመሻገር ወደ ነቀምት ይወርዳል። ከመንገዱ በላይ ወደ ሰከላ ሲወጣ ደጋው የአባይ መነሻ እስከሆነችው ግሽ አባይ ድረስ ይደርሳል፤ ከመንገዱ በታች ደግሞ የብር ሸለቆና የአባይ በረሃ አለ። ስለዚህ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይገኛሉ። በአንድ የገበያ ቀን የደጋው ድንችና ገብስ፣ የወይና ደጋው በቆሎና ጤፍ፣ የቆላው ማሽላ ጎን ለጎን የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዝናቡ በአብዛኛው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከግንቦት ማብቂያ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቃሎ ይወርዳል።

ታዲያ በእንዲህ ዓይነት አገር ችጋር ከየት ይመጣል ቢባል፣ በሦስት በር ይገባል ለማለት ይቻላል። አንደኛው የመሬት መጥበብ፣ ሁለተኛው የአፈር መድከም ነው። ሦስተኛው የዝናቡ መጠን መቀነስ ሳይሆን የመግቢያውና የመውጫው ቀን መዛባት ነው።

የመሬቱ ነገር

የጎጃም መሬት ከ1967 ዓ.ም. በፊት በአብዛኛው የርስት መሬት ነበር። ርስተኛው የአቅኚ አባት ትውልድ መሆኑን ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል፤ በአባቱም በእናቱም በኩል ሊወርስ ስለሚችል አንድ ቤተሰብ በልዩ ልዩ ቀበሌ የተበታተነ ማሳ ሊኖረው ይችል ነበር። ይህ መበታተን በእርሻ ባለሙያዎች ዘንድ እንደ ጉድለት ሲቆጠር ቢኖርም፣ ለገበሬው ግን ራሱን የቻለ መድን ነበር። በረዶ የመታው የላይኛው ማሳ ቢሆን የታችኛው ይተርፋል፤ መረሬው ውሃ ቢቋጥር ቀይ አፈሩ ያበቅላል። መሬቱን ለመለካትና አዲስ ግብር ለመጣል በታሰበ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ምን ያህል እንደሚቆጣ በ1960 ዓ.ም. የተነሣው አመፅ አሳይቷል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጎጃምን ለመሰለ አገር ይህ ጣሪያ ሩቅ ነበር፤ የገበሬ ማኅበራት ያከፋፈሉት ድርሻ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው ሽግሽግ ደግሞ ብዙ ይዞታ እንደገና ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ ሰፊ ክፍፍል ስላልተደረገ፣ አዲስ ጎጆ የሚወጣው ወጣት መሬት የሚያገኘው ከወላጁ ድርሻ ተቆርሶለት ወይም እኩል አራሽ ሆኖ ነው። በአካባቢው መለኪያ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ያህል ሲሆን፣ አያት በጥማድ ሲቆጥር የኖረውን ማሳ የልጅ ልጅ በእርምጃ እስከ መለካት ደርሷል።

የያዙት መሬት ሲጠብ በመጀመሪያ የሚቀረው ፆም ማሳደር ነው። መሬት ዓመት ወይም ሁለት ዓመት አርፎ ኃይሉን የሚመልስበት ልማድ ሲቋረጥ፣ ግጦሹም ሲታረስ፣ ከብቱ ይቀንሳል፤ ከብቱ ሲቀንስ ፍጉ ያንሳል። ያለውም ፍግ እንጨት በመጥፋቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። በዚህ ላይ የክረምቱ ከባድ ዝናብ ከቀይ አፈሩ ውስጥ እንደ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሉትን ንጥረ ነገሮች አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። ቀድሞ የሚያስታውቀው ባቄላ ነው። ባቄላው ይጫጫል፤ ቀጥሎ ገብሱ ይቀጭጫል፤ ከዚያም ስንዴው። ገበሬው መሬቱ ከዳኝ ይላል፤ የአፈር ምርመራ ከመደረጉ በፊት በደረሰበት ፍርድም አይሳሳትም።

የአያት አደላደል

ከዚህ ቀጥሎ የሚገለጸው የአንድ ተለይቶ የታወቀ ቤት ታሪክ ሳይሆን፣ በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በአዋሳኝ ወረዳዎች በሰፊው የተለመደ አኗኗር ነው።

በአያት ዘመን የአንድ ቤተሰብ ማሳ በአንድ ክረምት 7 እና 8 ዓይነት ሰብል ሊሸከም ይችል ነበር። ከቤቱ አጠገብ ፍግ በሚደርሰው ጓሮ ጎመን፣ በቆሎና ቀድሞ የሚደርስ ገብስ ይዘራል። ራቅ ባለው ማሳ ጤፍና ዳጉሳ፣ በደከመው ዳገት ኑግና ግብጦ፣ በመረሬው ላይ ደግሞ ዝናቡ ሲወጣ በቀሪው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ይህ ድርድር ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው የተዝረከረከ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰብል የተመደበበት ሥራ ነበረው።

ዳጉሳ የመጠባበቂያ እህል ነው። ፍሬው ደቃቅና ጠንካራ በመሆኑ ነቀዝ በቀላሉ አይደፍረውም፤ በደንብ ደርቆ ጎተራ ከገባ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ባለፀጋ ቤት የሚታወቀው በዳጉሳው ዕድሜ ነበር። እንጀራም ጠላም አረቄም ይወጣዋል፤ ስለሆነም መጥፎ ዓመት ካልመጣ ለሰርግና ለተዝካር ይውላል እንጂ ከስሮ አይቀርም። ኑግ ዘይቱ ለገበያ፣ አበባው ለንብ፣ ተክሉ ደግሞ ለደከመ መሬት ነው፤ ከብትም ብዙ ስለማይደፍረው በመንገድ ዳርና በማሳ ጠርዝ ይዘራል። ጤፍ ዘግይቶ ቢዘራም የሚደርስ፣ ውሃ ቢቋጥርበትም በአጭር ጊዜ ዝናብ ቢቀርበትም ከብዙው ሰብል ይልቅ የሚችል ነው። ስለዚህ ቀደም ብሎ የተዘራው ከጠፋ መሬቱ ተገልብጦ የሚታረሰው ለጤፍ ነው። ጓያ ያለ ዝናብም ስለሚበቅል ለክፉ ቀን ይረዳል፤ ሆኖም ለወራት በብዛት ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ ስላለው፣ አንድ ቤት ጓያን ብቻ መብላት ከጀመረ የእርዳታ ሠራተኛው ሌላ ማስረጃ ሳይጠብቅ መድረስ ይገባዋል።

ስለ ግብጦ ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ በባለሥልጣንም በባለሙያም ዘንድ ተገቢውን ክብር ያላገኘ ሰብል ነውና። ግብጦ ብዙ እርሻ አይፈልግም፤ አንድ ጊዜ በታረሰ መሬት ላይ ይበተናል፣ አይታረምም፣ ማዳበሪያም አይጠይቅም። መራራ ስለሆነ ከብትም ሰውም አይሰርቀውም። የአፈር ሳይንስ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ እንደ ሌላው ጥራጥሬ ሁሉ ሥሩ ላይ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ናይትሮጂንን ከአየር ይይዛል። ከዚህም በላይ ሥሩ እንደ ብሩሽ የተሰባሰቡ ደቃቅ ሥሮችን አውጥቶ አሲድ ያመነጫል፤ ይህም በቀይ አፈር ውስጥ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ የቆየውን ፎስፈረስ ያላቅቃል። ገበሬው ይህን ሁሉ የሚያውቀው በአጭር ቃል ነው፤ ግብጦ ያደረበት መሬት በሚቀጥለው ዓመት ጤፍ ይሰጣል። ፍሬው ለምግብ የሚሆነው ግን ከተቆላ በኋላ ምሬቱ እስኪለቀው ድረስ ለበርካታ ቀናት በወራጅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ነው። ይህ የሴቶች ሥራና የሴቶች ዕውቀት ሲሆን፣ ሳይለቅ የተበላ ግብጦ ጉዳት ስለሚያደርስ ሥራው ቀላል አይደለም። በየገበያው በጣሳ ተሰፍሮ የሚሸጠው የተዘጋጀ ግብጦ ለብዙ ሴቶች የጨውና የዘይት ገንዘብ ነው።

በደርግ ዘመን ይህ አደላደል የመጀመሪያውን ፈተና ያየው በኮታ ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከትርፍ አምራች አውራጃዎች፣ በተለይም ከጎጃምና ከአርሲ፣ በተወሰነ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር፤ ዋጋውም ከገበያው ያነሰ ነበር። ገበሬው ኮታውን ለመሙላት ከጎተራው ሲያወጣ፣ የጎደለውን አንዳንድ ጊዜ በውድ ዋጋ ከገበያ ገዝቶ ያስረክብ ነበር። ኮታው እስከ ቀረበት እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ትርፍ ማምረት ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው የኮታ ጭማሪ ስለነበር፣ ገበሬው ምርቱን ለማሳደግ ያልተጋበትን ምክንያት ከስንፍና መፈለግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በቆሎ ነገሠ

ሁለተኛው ትውልድ በቆሎን ከጓሮ አውጥቶ ዋናው ማሳ ላይ ያዋለ ትውልድ ነው። በ1985 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ቢኤች 660 የተባለው ድቅል በቆሎ ተለቀቀ፤ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅትም በገበሬው ማሳ ላይ በሠርቶ ማሳያ ሥራውን ጀመረ። ቢኤች 660 ለወይና ደጋው ከፍታ የተስማማ፣ ረጅምና ፍሬያማ፣ ለመድረስ ግን 160 ቀን ያህል የሚፈልግ ዝርያ ነው። ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ በአንድ ላይ በብድር ሲቀርብ የገበሬው መልስ ፈጣን ነበር። በአገር ደረጃ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሄክታር 16 ኩንታል ገደማ የነበረው አማካይ የበቆሎ ምርት በ2005 ዓ.ም. ከ30 ኩንታል በላይ ደርሷል። ምዕራብ ጎጃም ደግሞ በበቆሎ ምርት ከአገሪቱ ቀደምት ዞኖች አንዱ ሆነ። ማሳው ለጠበበበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ጥማድ በቆሎ አንድን ቤተሰብ ዓመት ሊያደርስ በሚችልበት ጊዜ፣ የዚያኑ ያህል መሬት ለዳጉሳና ለኑግ መስጠት ቅንጦት መስሎ ታየ። በእሸትነቱም በመስከረም ስለሚደርስ፣ ጎተራ ከሚራቆትባቸው የክረምት ወራት ቀጥሎ የመጀመሪያው ጥጋብ እርሱ ነው። አገዳው ለከብት፣ ቆረቆንዳው ለማገዶ ይሆናል።

ይሁንና በቆሎ ሲነግሥ ሌሎቹ ሰብሎች ወደ ዳር ተገፉ። ከእነርሱም ጋር የያዙት ሥራ አብሮ ተገፋ። የድቅል ዘር በየዓመቱ ይገዛል እንጂ ከጎተራ አይቀመጥም። እህሉም ነቀዝ ስለሚበዛበት እንደ ዳጉሳ ለዓመታት አይከማችም፤ አየር በማያስገባ ከረጢት ካልታሸገ ገበሬው ጥር ሳይወጣ ለመሸጥ ይገደዳል። በጥር ደግሞ ሁሉም ሻጭ ነው።

የዚህን አደጋ ልክ ያሳየው የ1993 እና የ1994 ዓ.ም. ሁኔታ ነው። ሁለት ዓመት ተከታታይ ጥሩ ምርት ሲገኝ በትርፍ አምራች አካባቢዎች የበቆሎ ዋጋ በእጅጉ ወደቀ። ገበሬው የማዳበሪያ ብድሩን ለመክፈል እህሉን ቢሸጥ አልሞላ አለው፤ በሬውን የሸጠም አለ። በሚቀጥለው ክረምት ብዙው ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ቀነሰ። በዚያው ክረምት በሌላው የአገሪቱ ክፍል ዝናቡ ከሸፈ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ከዋጋ ውድቀት ወደ ረሀብ ልመና የተሸጋገረ አገር፣ የጎደለው ዝናብ ብቻ እንዳልነበረ የታወቀ ነው። የመንገድ፣ የመጋዘንና የግዥ ገንዘብ በወቅቱ ቢቀርብ ኖሮ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት በከፊል በሸፈነ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቅድሚያ ውል በቆሎ መግዛት ሲጀምር የተሞከረው ይኸው ነው።

ከዚያም በ2009 ዓ.ም. ከአሜሪካ ምድር የመነጨው መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከቤኒሻንጉል እስከ ጎጃም ገበሬው ከነልጆቹ በቆሎ መካከል ገብቶ ትሉን በእጁ ሲለቅም ታየ። ተምቹ ጤፍንና ዳጉሳን ጨርሶ ባይምርም፣ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው በቆሎን ስለሆነ አገሩን ሁሉ አንድ ገበታ አድርጎ አገኘው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ ማዳበሪያ በወቅቱ ባለመድረሱ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት አሉ። ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን፣ ገበያውንና የግብርና ሠራተኛውን እንቅስቃሴ አውኳል። ማዳበሪያ ካላገኘ ብዙ የማይሰጥ ሰብልን ዋና አድርጎ የያዘ ቤት በዚህ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ያለ ማዳበሪያ ምን ይበቅላል?

የልጅ ልጅ ፈንታ

ሦስተኛው ትውልድ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ የለውም፤ ብዙ ትንንሽ መልሶች አሉት። ትምህርት ቤት የገባ፣ ዋጋን በስልክ የሚጠይቅ፣ ነገር ግን መሬቱ ከአባቱ እጅ ገና ያልወጣ ትውልድ ነው። አባትና ልጅ በአንድ ማሳ ላይ የማይስማሙበት ቤት ጥቂት አይደለም። አባት እህል ይላል፤ ልጅ በርበሬ ይላል።

የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ በርበሬ በገበያ የታወቀ ነው። ችግኙ በመደብ ላይ ይፈላል፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ይኮተኮታል፣ ይታረማል፤ ቀይ ሆኖ ከተለቀመ በኋላ በአውድማ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከእህል ሁሉ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ በዓመቱም የሚያስገኘው ገንዘብ ከእህል ሁሉ የበለጠ ሊሆን ይችላል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የልጅ ልብስና የማዳበሪያ ዕዳ ከበርበሬ የሚወጣበት ቤት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ሥሩን የሚያበሰብስና ተክሉን ቆሞ የሚያጠወልግ በሽታ አለበት። ይህ በሽታ በአፈር ውስጥ ስለሚቆይ፣ በርበሬን በአንድ መሬት ላይ ዓመት በዓመት የሚደጋግም ሰው ማሳውን ለበሽታው አሳልፎ ይሰጣል። አዋቂ ገበሬ ከበርበሬ በኋላ ዳጉሳ ወይም ጤፍ ይዘራል። እዚህ ላይ ነው የአባትና የልጅ ክርክር ሳይፈረድ የሚታረቀው፤ በርበሬው ራሱ እህልን ይፈልጋል።

ድንች ደግሞ ሌላ ዓይነት አገልግሎት አለው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር መሆኑና ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 እንደነበረ ተጽፏል። በስፋት የተቀበለው ግን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን በሬው አልቆ እርሻ በቆመበት ጊዜ ነው። በሬ የሌለው ሰው በዶማ ቆፍሮ ሊተክለው ይችላልና። ይህ ጠባዩ ዛሬም አልተለወጠም። ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ስለሚደርስ ከእህሉ ቀድሞ ለቤቱ ይደርሳል፤ ከሌላው ሰብል ይልቅም አሲዳማ አፈርን ይችላል። የአዴት እርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዘንገናና ጓሳ፣ ከሆለታ የመጡት ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ቅጠልን የሚያጠቁረውን የዋግ በሽታ ከነባሮቹ ይልቅ የሚቋቋሙ ሆነው ነው የተለቀቁት። ድንች ግን አይከማችም፤ ዘሩም ከባድ ነው። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው የድንች ዘር 20 ኩንታል ያህል ሲሆን፣ ለጤፍ ከ30 ኪሎ አይበልጥም። የእርዳታ መኪና ጭነትን ለሚያሰላ ሠራተኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በላህና በሌሎቹ ወንዞች ዳር መስኖ የሚያገኝ ቤት በበጋ ሽንኩርት፣ ድንችና እሸት በቆሎ ያክላል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የበጋ ስንዴ። ውሃ የማይደርሰው ደግሞ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ባሕር ዛፍ አይታረምም፣ ዕዳ አይጠይቅም፣ ሲቸግር ይቆረጣል። ለአረጋዊና ጉልበት ለሌላት ባልቴት የጡረታ ያህል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ጥላውና ሥሩ የጎረቤትን እህል ስለሚጎዳ በየቀበሌው የክርክር ምንጭ ሆኗል፤ አንዴ ዛፍ የገባበት መሬት በችጋር ዓመት ወደ እህል ለመመለስ ጉቶ መንቀል ይጠይቃል። በአጎራባቹ የአዊ ምድር፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ዲከረንስ የተባለው ግራር ለከሰል ሲተከል አሲዳማውን መሬት ከማሳረፉም በላይ ብዙ ቤት አቋቁሟል። በቅርብ ዓመታት ግን ዋግ መሰል በሽታ ገብቶበት ማሳ ሙሉ ዛፍ አድርቋል። በቆሎ ላይ የታየው ነገር በዛፍም ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ግብጦም በጸጥታ እየተመለሰ ነው። አሲዳማ መሬትን በኖራ ማከም ትክክለኛ ሕክምና ለመሆኑ ጥርጥር የለውም፤ የኖራ ድንጋይም በደጀን በኩል በአባይ ሸለቆ ሞልቷል። ይሁን እንጂ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ኖራ በአሥር ኩንታሎች የሚቆጠር ስለሆነ፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ በአህያ የሚጫን መድኃኒት አይደለም። ግብጦ ግን አንድ ቁና ዘር ካለ ይበቃዋል።

ለሠፈራ ሥራ ያለው ትርጉም

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ በራሱ መሬት ላይ ያለን ገበሬ የሚመለከት ነው። ከቀዬው የተነቀለ ሰው ጉዳይ ከዚህ የተለየ ይመስላል፤ ነገር ግን የሠፈራ ታሪክ የሚያሳየው ጉዳዩ አንድ መሆኑን ነው።

ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ በአብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሠፈረ። ፈቅዶ የሄደ ቢኖርም ሳይፈቅድ የተጫነው ብዙ ነበር። ከእነዚህ መካከል ከ80,000 በላይ የሚሆኑት በጊዜው ጎጃም ውስጥ በነበረው በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ ጳዌ ሠፈሩ፤ ከከምባታና ሐድያ የመጡም ነበሩባቸው። ምድሩ ባዶ ነው ተብሎ ቢነገርም የጉሙዝ ሕዝብ እያፈራረቀ የሚያርሰውና የሚያድንበት ነበር። በኢጣልያ መንግሥት እርዳታ በተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ደኑ ተመነጠረ፤ መሬቱ በትራክተር ታረሰ፤ ሠፋሪው በኅብረት አምራችነት ተደራጀ። በሬ በገንዲ በሽታ፣ ሰው በወባ ይሞት ነበር።

የደጋው ሰው የሚያውቀው ገብስና ስንዴ በዚያ አልበቀለም። የተሰጠው በቆሎና ማሽላ በሰፊ ማሳ ላይ በአንድ ዓይነት የተዘራ፣ ማዳበሪያውም ነዳጁም ከውጭ የሚመጣ ነበር። የቱ ሰብል ቢጠፋ በየቱ እንደሚተካ፣ የቱ እህል ለመጠባበቂያ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ለደከመ መሬት እንደሚሆን በሠፋሪው ቤት የሚወስን አልነበረም። እነዚህን ነገሮች አንድ ቤተሰብ በአንድ ቦታ ላይ ለመማር የአንድ ሰው ዕድሜ ይፈጅበታል፤ በመኪና ተጭኖ የሄደው ሰው ግን ይህ ጊዜ አልተሰጠውም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ የእርዳታው ገንዘብ ቆመ፣ ትራክተሩ ቆመ፤ እጅግ ብዙ ሠፋሪም ጥሎ ወጣ። የቀሩት ግን ቀስ በቀስ በየጓሯቸው ልዩ ልዩ ሰብል ደባልቀው በመዝራት የኖሩ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ገደማ በመተከል በተነሣው ግፍ ተፈናቅሎ ወደ ቻግኒ የመጣው ሕዝብ ሁለተኛ ጊዜ ዘሩን ትቶ የወጣ ሕዝብ ነው።

ለተፈናቀለና ለሚቋቋም ቤተሰብ ዘር በሚታደልበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚታደለው አንድ ዓይነት፣ ያውም ድቅል በቆሎ ነው። ለመግዛትም ለመመዝገብም ቀላል ስለሆነ ነው እንጂ ለቤተሰቡ የሚበጀው ተጠንቶ አይደለም። በ25 ኪሎ በቆሎ ፋንታ ግማሹ በቆሎ ሆኖ፣ ጥቂት ኪሎ ጤፍና ዳጉሳ፣ አንድ ቁና ግብጦና የጓሮ ጎመን ዘር ቢጨመርበት የጭነቱ ክብደት አይጨምርም። ዳጉሳና ጤፍ በሚቀጥለው ዓመት ከራሳቸው ምርት ዘር ይሆናሉ፤ ድቅሉ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ዘር ከምዕራብ ጎጃም ገበያዎች በአነስተኛ መጠን መግዛት ይቻላል፤ ለሻጮቹም ሴቶች ገንዘብ ይሆናል።

በትርፍ አምራች ወረዳዎች ለሚደረገው የሰብል ግምገማም የሚታሰብ ነገር አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚወጣው ገምጋሚ ቡድን በአብዛኛው የሚጠይቀው ስንት ኩንታል ይገኛል የሚለውን ነው። ከዚህ በተጨማሪ በሰኔ ወር ሦስት ነገር መጠየቅ ይቻላል፤ ቤቱ ዘንድሮ ስንት ዓይነት ሰብል ዘራ፣ ካለፈው ዓመት የተረፈ ዳጉሳ በጎተራው አለ ወይስ የለም፣ ዘሩንና ማዳበሪያውን ያገኘው በምን ዕዳ ነው። በኅዳር የሚገኘው መልስ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በሰኔ ከተጠየቀ ግን ዝናቡ ቢዘገይ እንኳ ለጤፍ አንድ ወር፣ ለሽምብራ ሁለት ወር ተኩል ይቀራል።